የንጥረ ምግብ ውሃን ለመሣሪያ ማስረከብ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ያለ አፈር፣ በንጥረ ምግብ ውሃ አትክልት የሚያለሙ አንባቢያን በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ልከውልናል። አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም የውሃውን ጥንካሬና የአሲድነት መጠን እየለካ በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ መግጠም ያዋጣል ወይ፣ የገጠሙትስ ለምን እንዳሰቡት አልሠራላቸውም የሚል ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን፣ ረዘም ያለ ማብራሪያ የሚሹትን አስቀድመን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ባቱ ከተማ አቅራቢያ በግሪንሃውስ ውስጥ ሰላጣ አመርታለሁ። የምጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ነው። ፒኤች ማለትም የአሲድነት መጠኑን (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል) እየለካ አሲድ የሚጨምር መሣሪያ ብገጥምም፣ ማታ 6.0 ላይ ያደረሰውን ውሃ ጠዋት ከ7 በላይ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ቀኑንም ሙሉ አሲድ ሲጨምር ይውላል። የሸጠልኝ ሰው የመለኪያው ጫፍ ተበላሽቷል ብሎ ቢቀይርልኝም ለውጥ አላየሁም። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ከገለጹልን ሁኔታ ተነሥተን ስንገምት ጥፋቱ የመለኪያውም የፓምፑም አይመስለንም፤ ነገሩ ከውሃው ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ውሃቸው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ በብዙ ቦታም ፍሎራይድ ያየለበት ነው። ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ባይካርቦኔቱ ነው። የፒኤች ቁጥር የሚነግረን ውሃው በዚያች ቅጽበት ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ ብቻ ነው፤ አሲድ ሲጨመርበት ምን ያህል እንደሚቋቋም አይነግረንም። ይህን የመቋቋም አቅም በዋናነት የሚወስነው በውሃው ያለው የባይካርቦኔት መጠን በመሆኑ፣ ሁለቱም 7.8 ከሚያነቡ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ አሲድ ሊጠይቅ ይችላል።

አሲድ ከባይካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ጋዙ ወዲያው ተንኖ አይጠፋም፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፣ እዚያ እስካለ ድረስም ፒኤቹን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። መሣሪያዎ 6.0 አንብቦ ሥራዬን ጨረስኩ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ሆኖም በ6.0 ላይ ከመጀመሪያው ባይካርቦኔት ሲሶ የሚጠጋው ገና ሳይነካ አለ። ሌሊቱን ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ሲዘዋወርና ከአየር ጋር ሲገናኝ ጋዙ ይወጣል፣ የተረፈው ባይካርቦኔት ብቻውን ይቀራል፣ ፒኤቹም ተመልሶ ያሻቅባል። በዚህ ላይ ሰላጣው የጠጣውን ለመተካት ከጉድጓዱ በተሞላ ቁጥር አዲስ ባይካርቦኔት ይገባል። መሣሪያው የታዘዘውን በታማኝነት እየፈጸመ ነው፤ የታዘዘው ሥራ ግን በዚያ ገንዳ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሊያልቅ የሚችል አይደለም።

መፍትሔው ይህንን ከባድ ሥራ ከመሣሪያው ትከሻ ላይ አውርዶ፣ ንጥረ ምግብ ከመጨመሩ በፊት በሌላ ሮቶ ውስጥ በስሌት መጨረስ ነው። በመጀመሪያ ውሃዎን በላቦራቶሪ ያስመርምሩ። ለምሳሌ ያህል ውጤቱ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ባይካርቦኔት ቢያሳይ፣ ለባይካርቦኔት የሞል ክብደት ለ61 ሲካፈል 4.9 ሚሊሞል (የሞል አንድ ሺህኛ) ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ 0.5 ሚሊሞል ያህሉን ትቶ የቀረውን 4.4 ሚሊሞል በአሲድ ማጥፋት የተለመደ አሠራር ነው። ለ1,000 ሊትር ውሃ 4.4 ሞል አሲድ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ 60 በመቶ የሆነ ናይትሪክ አሲድ በሊትር 13 ሞል ያህል ስለሚይዝ፣ መጠኑ ወደ 340 ሚሊ ሊትር ይመጣል። አሲዱን ከጨመሩ በኋላ ውሃውን በአየር ፓምፕ እያናፈሱ ያሳድሩት። በማግስቱ ሲለኩት ፒኤቹ እንደገና ከፍ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ የቀረው የመቋቋም አቅም ትንሽ ስለሆነ ማዳበሪያው ራሱ ከገባ በኋላ ጥቂት ጠብታ አሲድ ይበቃዋል። ለመሣሪያው መተው ያለበት ይህ ጥቂት ጠብታ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አሲዱ ዓይነት ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ብዙ አምራቾች በፎስፎሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ ለለስላሳ ውሃ ችግር የለውም። ከላይ ባሰላነው ውሃ ላይ ግን 4.4 ሚሊሞል በፎስፎሪክ አሲድ ቢጠፋ በእያንዳንዱ ሊትር 136 ሚሊ ግራም ያህል ፎስፎረስ ይገባል፤ ሰላጣ የሚፈልገው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ናይትሪክ አሲድ ሲሆን ደግሞ በሊትር 62 ሚሊ ግራም ያህል ናይትሮጅን ስለሚገባ፣ ያንኑ ያህል ከናይትሬት ማዳበሪያዎ ላይ መቀነስ ይኖርብዎታል። አሲዱን ከጨመሩ በኋላ የማዳበሪያ ቀመሩን እንደነበረ መተው በብዛት የሚታይ ጉድለት ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አሲድ አይንኩ፤ ሁልጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይጨመርም።

ሶዲየሙን በተመለከተ ምንም አሲድ አያድነንም። ሰላጣ ሶዲየምን እምብዛም ስለማይወስድ፣ ተመልሶ በሚዘዋወር ውሃ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የላቦራቶሪው ውጤት ሶዲየሙ ከፍ ያለ መሆኑን ካሳየ ከግሪንሃውሱ ጣሪያ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምን በብርቱ እንመክራለን። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚዘንብ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ የጣሪያው ስፋት 500 ካሬ ሜትር ቢሆንና በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ የሚባክነው ሳይቀነስ 300,000 ሊትር ሶዲየምም ባይካርቦኔትም የሌለው ውሃ ማለት ነው። ከጉድጓዱ ጋር እያደባለቁ ቢጠቀሙበት የአሲድ ወጪዎም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አዳማ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ በአርዱኢኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የሚሠራ፣ የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ማለትም የማዳበሪያው ጥንካሬ የሚታወቅበትን ኢሲውን፣ እንዲሁም ፒኤቹን እየለካ በትናንሽ ፓምፖች ማዳበሪያና አሲድ የሚጨምር መሣሪያ ሠርቻለሁ። ሁለቱ መለኪያዎች ለየብቻ ሲሞከሩ ልክ ናቸው፤ በአንድ ገንዳ ውስጥ አብረው ሲገቡ ግን የፒኤቹ ንባብ ይዘላል። ፓምፖቹም አንድ ጊዜ ከልክ በላይ፣ ሌላ ጊዜ ከልክ በታች ያደርጉታል። የፒአይዲ ቀመር (ከሚፈለገው ቁጥር የራቀውን ያህል እያሰላ ያለማቋረጥ የሚያስተካክል የቁጥጥር ስልት) ብጠቀም ይሻል ይሆን?

መልስ፦ የገለጹልን ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ስለሆኑ ለየብቻ እንያቸው። የመጀመሪያው ኤሌክትሪካዊ ነው። የኢሲ መለኪያ የሚሠራው ውሃው ውስጥ ጅረት እየላከ ነው። የፒኤች መለኪያ ግን በመስታወት ጫፉ ላይ የሚፈጠረውን እጅግ ደካማ ቮልቴጅ የሚያነብ ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንድ የፒኤች እርከን የሚሰጠው 59 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ገንዳ ገብተው በአርዱኢኖው በኩልም አንድ የጋራ የኤሌክትሪክ መሬት (ግራውንድ) ሲኖራቸው፣ ከአንዱ የወጣው ጅረት የሌላውን ንባብ ይረብሻል። ትክክለኛው መፍትሔ ለእያንዳንዱ መለኪያ ከሌላው የኤሌክትሪክ ዑደት (ሰርኪዩት) ሙሉ በሙሉ የሚለየው የኤሌክትሪክ መለያ ሰሌዳ መግጠም ነው። ይህ ካልተገኘ ወይም ከተወደደ፣ ፒኤች በሚነበብበት ጊዜ የኢሲውን ሁለቱንም ሽቦዎች በሪሌይ (በኤሌክትሪክ ምልክት በሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ) ማቋረጥ፣ ጥቂት ሰከንዶች መጠበቅ፣ ከዚያም ማንበብ ይቻላል። አንድ ጊዜ አንብቦ መወሰንም አይገባም፤ ደጋግመው አንብበው መካከለኛውን ቁጥር ቢወስዱ ድንገተኛ ዝላዮች ይወገዳሉ። ኢኤስፒ32 ወደተባለው ሌላ ሰሌዳ ለመሸጋገር ካሰቡ ደግሞ የራሱ የአናሎግ ንባብ ቀጥተኛ ስላልሆነ፣ እንደ ኤዲኤስ1115 ያለ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ውጫዊ መቀየሪያ መጠቀም ይገባል።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ፣ ለፒአይዲ ጥያቄዎ መልሳችን አይሻልም የሚል ነው። ይህ ቀመር መኪና ፍጥነቷን እንድትጠብቅ ወይም ምድጃ ሙቀቱን እንዲይዝ ለማድረግ ተስማሚ ነው። የእርስዎ ገንዳ ግን የገባውን መልሶ ማውጣት የማይቻልበት ሥርዓት ነው፤ ማዳበሪያ የሚጨምር ፓምፕ አለዎት፣ የሚያወጣ ግን የለዎትም። በዚህ ላይ የተጨመረው ነገር ተደባልቆ መለኪያው ዘንድ እስኪደርስ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ቀመሩ ለውጥ አላየሁም ብሎ መጨመሩን ይቀጥላል። ፒኤች ደግሞ በሎጋሪዝም የሚለካ ስለሆነ፣ ከ7.5 ወደ 7.0 ለማውረድ የተጠቀሙበት አሲድ ከ6.0 በታች ሲሆን ሌላ ውጤት ያመጣል።

የሚሻለው በጣም ቀላል የሆነው መንገድ ነው፦ ትንሽ መጨመር፣ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት። 1,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለ እንበል። መቶ እጥፍ ተጠናክሮ በሁለት ዕቃ ለየብቻ ከተዘጋጀ ማዳበሪያ ከእያንዳንዱ ዕቃ 10 ሊትር ሲገባ ኢሲውን በ1.6 ሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር (የኢሲ መለኪያ አሃድ) የሚጨምር ከሆነ፣ 0.1 ለመጨመር ከእያንዳንዱ 625 ሚሊ ሊትር ይበቃል ማለት ነው። ፕሮግራሙ የጎደለውን በዚህ ስሌት ያውጣ፣ የስሌቱን ግማሽ ብቻ ይጨምር፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቅ፣ ከዚያ ይለካ። ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት፤ በመጀመሪያ የውሃው ከፍታ፣ ቀጥሎ ኢሲ፣ በመጨረሻ ፒኤች ይስተካከላል። ውሃ መጨመር ሁለቱንም ቁጥሮች ስለሚለውጥና ማዳበሪያ መጨመርም አብዛኛውን ጊዜ ፒኤቹን ስለሚያወርድ፣ ከፒኤች የሚጀምር ፕሮግራም ሥራውን ደጋግሞ ያፈርሳል። ለማስተካከያውም ክፍተት ይተዉለት፤ ፒኤች 6.2 ሲያልፍ ጀምሮ 5.9 ሲደርስ የሚያቆም መሣሪያ፣ 6.0 ላይ ብቻ ካልቆምኩ ከሚል መሣሪያ የተሻለ ያመርታል።

ከዚህ ሁሉ የምናስቀድመው ግን መሣሪያው ሲሳሳት ምን ያህል ሊያጠፋ ይችላል የሚለውን ጥያቄ ነው። የፒኤች መለኪያ ገመዱ ቢላቀቅ ወይም መስታወቱ ቢሰበር ንባቡ ምንም ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ ከ4 በታች ወይም ከ9 በላይ የሆነ ንባብ ሲያይ፣ ወይም ቁጥሩ ለሰዓታት ምንም ሳይነቃነቅ ሲቀር ፓምፖቹን ዘግቶ ማስጠንቀቅ አለበት። ብዙ የሪሌይ ሰሌዳዎች ምልክቱ ዝቅ ሲል የሚበሩ በመሆናቸው፣ ሰሌዳው መብራት ጠፍቶ ሲመለስና ገና ሲነሣ ፓምፖቹ ለቅጽበት ሊበሩ ይችላሉ፤ ይህን ሳይሞክሩ አሲድ አያገናኙ። በፕሮግራም ብቻ መተማመንም አይበቃም፤ የተጣበቀ ሪሌይ ፕሮግራም አያነብም። ስለዚህ የአሲድ ፓምፑ ከትልቁ ጀሪካን ሳይሆን የአንድ ቀን አሲድ ብቻ ከሚይዝ ትንሽ ጠርሙስ እንዲስብ ያድርጉ። ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንኳ ሊገባ የሚችለው የአንድ ቀን መጠን ነው። ገምጋሚዎችዎ ስለዚህ ጠርሙስ ላይጠይቁ ይችላሉ፤ ሰላጣው ግን መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሰበታ ውስጥ እንጆሪ እያለማሁ ነው። መሣሪያዬ ኢሲውን በትክክል 1.4 ላይ፣ ፒኤቹንም ከ6.0 እስከ 6.5 ይጠብቃል። ይህም ሆኖ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ እንደሆነ መካከሉ ቢጫ እየሆነ ነው። ቁጥሮቹ ትክክል ከሆኑ ተክሉ ምን ጎድሎት ነው?

መልስ፦ ኢሲ ዝርዝር የሌለው ደረሰኝ ነው፤ ጠቅላላ ድምሩን ያሳያል እንጂ ምን እንደተገዛ አያሳይም። በውሃው ውስጥ ያሉት ናይትሬት፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ተወስደው በምትካቸው ሶዲየምና ክሎራይድ ቢጠራቀሙ፣ መሣሪያዎ ያው 1.4 ማንበቡን ይቀጥላል። ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክና ቦሮን ደግሞ በሊትር በጣም ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ስለሚያስፈልጉ፣ ሙሉ በሙሉ ቢያልቁ እንኳ በኢሲው ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጡም።

የገለጹት ምልክት በአዲስ ቅጠል ላይ የጀመረ መሆኑ የብረት እጥረትን ያመለክታል። ብረት ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ ቅጠል እንደ ልብ ስለማይጓዝ ጉድለቱ በቡቃያው ላይ ይታያል፤ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ላይ የጀመረ ቢሆን ማግኒዚየምን እንጠረጥር ነበር። የማዳበሪያ ከረጢትዎን ይመልከቱና ብረቱ በምን ዓይነት መያዣ (ብረቱን እንደሟሟ በሚያቆይ ኬሚካል) እንደተያዘ ያረጋግጡ። ኢዲቲኤ በተባለው የተያዘ ብረት ፒኤች ከ6.5 እየበለጠ ሲሄድ ከመያዣው እየተላቀቀ ለተክሉ የማይደርስ ዝቃጭ ይሆናል፤ ዲቲፒኤ እስከ 7 ድረስ ይታገሣል፤ ኢዲዲኤችኤ ከዚያም በላይ ይቆያል። እርስዎ የፈቀዱት የላይኛው ወሰን 6.5 ስለሆነና መለኪያውም ጥቂት ሊሳሳት ስለሚችል፣ ውሃው ሳያውቁት ወሰኑን እያለፈ ሊሆን ይችላል። ወሰኑን ከ5.6 እስከ 6.0 ዝቅ አድርገው፣ ብረቱንም በዲቲፒኤ የተያዘ ቢያደርጉት በአዲስ በሚወጡት ቅጠሎች ላይ ለውጡን ያያሉ፤ ቢጫ የሆኑት ግን ብዙም ላያገግሙ ይችላሉ። ውሃውን ከተላላፊ በሽታ ለማጽዳት የአልትራቫዮሌት መብራት ገጥመው ከሆነ ይህም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ መብራቱ ጀርሞችን ሲገድል የብረቱን መያዣም ያፈርሳል።

እያንዳንዱን ንጥረ ምግብ ለይቶ የሚለካ ሴንሰር የለም ወይ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ለናይትሬት፣ ለፖታሲየምና ለካልሲየም የተሠሩ መለኪያዎች አሉ። ነገር ግን ንባባቸው ቶሎ ስለሚንሸራተት ደጋግሞ ማስተካከል ይጠይቃሉ፣ ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። በኔዘርላንድስ ያሉ በቴክኖሎጂ የገፉ ግሪንሃውሶች እንኳ ኢሲና ፒኤችን በኮምፒውተር እየተቆጣጠሩ፣ ዝርዝሩን ለማወቅ ግን በየጊዜው ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ በውጤቱም ቀመራቸውን ያስተካክላሉ። እርስዎ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ የገንዳውን ውሃ በአዲስ ቢተኩ የላቦራቶሪውን ሥራ በከፊል ይተካልዎታል፤ የሚወጣውም ውሃ ወደ ወንዝ ሳይሆን በአፈር ላይ ወዳለ አትክልት ወይም ዛፍ ቢሄድ ማዳበሪያው አይባክንም።

የተጠናከረውን ማዳበሪያ በተመለከተ አንድ ነገር እናስታውስዎ። ካልሲየም ናይትሬትና ብረት በአንድ ዕቃ፣ ሰልፌቶችና ፎስፌቶች በሌላ ዕቃ መቀመጥ አለባቸው። ሁለቱ ሳይበረዙ ከተገናኙ ጂፕሰምና ካልሲየም ፎስፌት ሆነው ይዘቅጣሉ፣ የፓምፖቹንም ቀጭን ቱቦ ይዘጋሉ። ቱቦው በግማሽ የተዘጋ ፓምፕ ደግሞ በሰዓቱ ይዞራል፣ የሚያደርሰው ማዳበሪያ ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው መሣሪያው ሥራውን እየሠራ ያለ መስሎ ተክሉ የሚራበው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በሰገነት ላይ በቱቦ ውስጥ ስስ ሆኖ በሚፈስ ውሃ ሰላጣና በሶብላ አመርታለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር እጨነቃለሁ። አውቶማቲክ መሣሪያ ብገጥም ይረዳኛል?

መልስ፦ አይረዳዎትም፤ እንዲያውም ሊጎዳዎት ይችላል። በእርስዎ ዓይነት አሠራር ሥሮቹ መጠባበቂያ ውሃ ስለሌላቸው፣ ፓምፑ ሲቆም በፀሐይ ሰዓት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋሉ። ገንዘብዎን ከሴንሰር በፊት ባትሪ ላይ ያውሉ። 20 ዋት የሚወስድ የ12 ቮልት ፓምፕ፣ 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በግማሹ ብቻ ቢጠቀም እንኳ 30 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ የሊድ አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ወይም ደግሞ ሥሮቹ በጥልቅ ገንዳ ውስጥ ወደሚንሳፈፉበት አሠራር መዛወርን ያስቡበት፤ እዚያ የመብራት መጥፋት የሚያመጣው የውሃ ሳይሆን የአየር ችግር ስለሆነ፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይበቃል።

ስለ አየር ካነሣን ዘንድ፣ ከውጭ በሚመጡ መመሪያዎች ላይ የሚጻፈው የኦክስጅን ቁጥር በአብዛኛው ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በመሆኑም ያው ውሃ እዚህ ሊይዝ የሚችለው ከ7 ሚሊ ግራም አይበልጥም። በሰገነት ላይ ፀሐይ ያገኘው ጥቁር ሮቶ ውሃውን ከ25 ዲግሪ በላይ ሲያሞቀው ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል፣ ሥር የሚያበሰብሰው ፒቲየም የተባለው በሽታ አምጪም ይመቸዋል። ሮቶውን ነጭ መቀባት ወይም ማጥላት ከማንኛውም ሴንሰር የረከሰ መፍትሔ ነው።

ወደፊት መቆጣጠሪያ ሲገጥሙ አንድ ነገር ያዝዙት፦ መብራት ከተመለሰ በኋላ ውሃው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይዘዋወር ማዳበሪያም አሲድም እንዳይጨምር። የቆመ ውሃ ንባብ የገንዳውን ትክክለኛ ሁኔታ አይናገርምና።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምኖረው። በበረንዳዬ ላይ ለሠራኋት ትንሽ የሰላጣ ገንዳ ሁለት መለኪያ ገዛሁ። ለአንድ ውሃ አንዱ 700 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ውስጥ ያለ ክፍል)፣ ሌላው 980 ፒፒኤም ይለኛል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም፤ ልዩነቱ በስሌቱ ላይ ነው። ሁለቱም የሚለኩት ኢሲን ነው። ከዚያ አንዱ ሠሪ በ500፣ ሌላው በ700 ያባዛዋል። የእርስዎ ውሃ 1.4 ሚሊሲመንስ ስለሆነ አንዱ 700፣ ሌላው 980 ሆኖ ወጣ። መለኪያዎቹ በኢሲ እንዲያነቡ ያድርጉና ፒፒኤሙን ይርሱት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቧንቧ ውሃ በብዛት ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ባይካርቦኔቱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ፒኤች በጥቂት ጠብታ ብዙ ስለሚዘል አሲዱን በርዘው፣ በጠብታ ይጨምሩ። በበጋ የውሃውን ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ መያዝ ካልቻሉ ግን ኢሲና ፒኤቹ ልክ መሆናቸው ብቻውን ሰላጣውን አያድነውም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ፤ ያለኝ ሦስት መቶ ያህል የሰላጣ ችግኝ ነው። አውቶማቲክ መሣሪያ ያስፈልገኛል? ካላስፈለገኝስ መለኪያዎቼን እንዴት ልያዛቸው?

መልስ፦ በዚህ መጠን አያስፈልግዎትም ብለን በድፍረት እንመልሳለን። የሚያስፈልግዎ በእጅ የሚያዝ የኢሲና የፒኤች መለኪያ፣ አንድ ደብተርና በየጠዋቱ የሚሰጡት አሥር ደቂቃ ነው። የውሃውን ከፍታ፣ ኢሲውን፣ ፒኤቹንና ሙቀቱን በየቀኑ ይመዝግቡ። ውሃው ቀንሶ ኢሲው ከጨመረ፣ ተክሎቹ ከምግቡ ይልቅ ውሃውን እየጠጡ ነውና ጥንካሬውን ይቀንሱ፤ በሞቃትና በደረቅ ቀን የሚሆነው ይህ ነው። ውሃው ቀንሶ ኢሲውም ከቀነሰ ተርበዋል። ፒኤቹ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ናይትሬት እየወሰዱ መሆናቸውን ያሳያልና ጤናማ ምልክት ነው፤ ከጠቅላላው ናይትሮጅን ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ በአሞኒየም መልክ ቢሆን ጉዞው ይለዝባል። እነዚህን መስመሮች አንብቦ ሳያውቅ መቆጣጠሪያ የሚገጥም ሰው ለመሣሪያው ምን እንደሚያዝዘው አያውቅም።

የመለኪያ አያያዝን በተመለከተ፣ የፒኤች መለኪያ መስታወት ፈጽሞ መድረቅ የለበትም፤ በተጣራ ውሃም አይቀመጥም። የሚቀመጠው ባለ 3 ሞላር የፖታሲየም ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመጀመሪያ በ7.00፣ ቀጥሎ በ4.01 መመዘኛ ፈሳሽ ያስተካክሉት፤ የተጠቀሙበትን ፈሳሽ ወደ ጠርሙሱ አይመልሱ። በሁለቱ ፈሳሾች መካከል የሚሰጠው ልዩነት ለአንድ እርከን ከ50 ሚሊቮልት በታች ከወረደ ወይም ንባቡ ለመርጋት ብዙ ደቂቃ ከፈጀ ዕድሜው አልቋል፤ በጥሩ አያያዝም ቢሆን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው። የኢሲ መለኪያ ጠንካራ ነው፣ የሚያስቸግረው በላዩ የሚጋገረው አረንጓዴ ዝልግልግ ብቻ ስለሆነ በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት። የመመዘኛ ፈሳሹን በገበያ ካጡት ራስዎ ሊያዘጋጁት ይችላሉ፦ ንጹሕ የላቦራቶሪ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.746 ግራም መዝነው፣ በተጣራ ውሃ ሟሙቶ በትክክል 1 ሊትር እንዲሆን ያድርጉት፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 1.413 ሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር ማንበብ አለበት።